የታመመ ዶሮ የቤት ምስጢር አይደለም

ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር



በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ ርዕሰ መምህሩ ሲጽፍ ነገሩ ስለ ፈተና ውጤት፣ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ሰዓት ማክበር እንደሚሆን ሁላችሁም ትጠብቃላችሁ። ዘንድሮ ግን ስለ ዶሮ እጽፋለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ለጨዋታ አይደለም። እዚህ ገዳሪፍ ከሚኖሩት ቤተሰቦቻችን መካከል የብዙዎቹ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው እናት በግቢዋ ከምታረባቸው ስድስትና ሰባት ዶሮዎች በሚገኝ የእንቁላል ገንዘብ ነው። አባት ለሰሊጥ አጨዳ ወጥቶ ሲሰነብት ቤቱን የሚያቆዩት እነዚያ ዶሮዎችና አንዲት የምትታለብ ፍየል ናቸው። የትምህርት ክፍያ ዘግይቶ ምክንያቱን ስንጠይቅ «ዶሮዎቹ አለቁብን» የሚል መልስ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ያውቃል። ስለዚህ የዶሮ በሽታ የትምህርት ቤትም ጉዳይ ነው።

የምለው ነገር አንድ ነው። እንስሳ ታምሞ ወይም ሞቶ ሲገኝ ዝም ማለታችንን እናቁም። መድኃኒት ከመግዛት ማስመርመር ይቀድማል፤ ከማስመርመር ደግሞ መናገር ይቀድማል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ ስለ ሰው ተናግረው ይሆናል፤ ለዶሮና ለፍየልም ግን ያው ነው።

እስቲ የለመድነውን እናስታውስ። አንዲት ዶሮ ጠዋት ክንፏን ጥላ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን ከሎሚ ጋር እንግታታለን። አልሻል ሲላት ከሱቅ የቴትራሳይክሊን ዱቄት ገዝተን በውኃዋ እንበጠብጣለን። በማግስቱ ሁለት ሦስት ሲጨመሩ «ሳይሞቱ እንሽጣቸው» ብለን ገና በእግራቸው የቆሙትን አስረን ወደ ገበያ እንወስዳለን። የሞቱትን በከረጢት ቋጥረን ኾሩ ውስጥ እንጥላለን። በሳምንቱ የጎረቤት ዶሮዎች ማንቀላፋት ሲጀምሩ እኛም ከሰው ጋር ቆመን «ምን መዓት መጣብን!» እንላለን። ከእኛ ቤት ተነሥቶ ሊሆን እንደሚችል የሚናገር ግን የለም።

ለዚህ ሁሉ የምንሰጠው ስም አንድ ነው፤ ፈንግል። ፈንግል በእርግጥ አለ፤ ኃይለኛም ነው። በዓለም ላይ የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። መንሥኤው ቫይረስ ነው። ከታመመ ወደ ጤነኛ በትንፋሽ፣ በኩስ፣ በመጠጫ ዕቃ፣ በጫማችንና ዶሮ በተጫነበት ቅርጫት ይተላለፋል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ዶሮው ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን 5 ወይም 6 ቀን ነው። ከዚያ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ማሳል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ክንፍ መጣል፣ አንገት መጠምዘዝና በአንድ ቦታ መዞር ይከተላሉ። ኃይለኛው ዓይነት ክትባት ያላገኘ መንጋ ውስጥ ከገባ ከመቶ ዘጠናውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። አንዴ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ቴትራሳይክሊን የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው፤ ቫይረስን አይነካውም። ስለዚህ ፈንግል ለያዘው ዶሮ ዱቄት የገዛ ሰው ዶሮውንም ገንዘቡንም አጥቷል። የመድኃኒቱ ቅሪትም ልጆች በሚበሉት እንቁላል ውስጥ ይገባል።

የሞተ ዶሮ ሁሉ ግን በፈንግል አልሞተም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው የሚያልቁ ጫጩቶች ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ጥገኛ ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ለእሱ መድኃኒት አለ፤ ከመድኃኒቱም ይልቅ እርጥብ ጉዝጓዝን ጠርጎ ደረቅ ማንጠፍ ብዙ ይረዳል። የዶሮ ኮሌራ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ ስለሆነ በጊዜ ከተደረሰበት በትክክለኛው መድኃኒት ይታከማል። በጫጩቶች ላይ የሚበረታው ጉምቦሮ ቫይረስ ነው፤ መከላከያው ክትባት ነው። የወፍ ጉንፋን ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ፈንግልን ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ይህ ሩቅ አገር የሚወራ ነገር እንዳይመስለን፤ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. በ2006 እዚሁ ሱዳን ውስጥ በካርቱምና በጀዚራ የዶሮ እርባታዎች ታይቶ ነበር። እነዚህን አምስት በሽታዎች በዓይን ብቻ ለይቶ መናገር ለባለሙያ እንኳ ይከብዳል። ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ መግባት አለበት።

በገዳሪፍ የኖረ ሰው ይህን ነገር ከራሱ ሕመም ያውቀዋል። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ሳምንታት የቆየበት፣ ሆዱ በጣፊያ ያበጠ ሰው ካላዛር እንዳይሆን ደሙ ይመረመራል። በአትባራ ወንዝ ዳር ይሁን በመተማና በሁመራ በኩል በዚህ ስንቱ ወጣት በከንቱ እንደጠፋ፣ ስንቱም በጊዜ በተደረገ ምርመራ እንደዳነ እናውቃለን። ለልጃችን «ሳይመረመር መድኃኒት አልሰጠውም» የምንል ሰዎች ለፍየላችን ስንሆን ግን ሱቅ ውስጥ ያገኘነውን ብልቃጥ እንገዛለን።

በስም መሳሳት ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ታሪክ ደግሞ እዚሁ አካባቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 በደቡባዊ ገዳሪፍ ፍየሎችና በጎች ታመሙ። በመጀመሪያ የተሰጠው ስም የከብት ደስታ በሽታ ነበር። በኋላ ግን ሌላ በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ፤ በኢትዮጵያ የእንስሳት ባለሙያዎች «ደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታ» የሚሉት ነው። ሱዳን ውስጥ ይህ በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው በዚህ ነው። በሽታው በአይቮሪ ኮስት ከታወቀበት ከ1942 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የምዕራብ አፍሪካ ብቻ ይመስል ነበርና ገዳሪፍ ይገኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሁለቱ ቫይረሶች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ የልጆች ኩፍኝም ከዚያው ቤተሰብ ነው። ትኩሳቱ፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሹ፣ የአፍ ቁስሉና ተቅማጡ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ከብትን ብቻ ለመከላከል የሚሮጥ ሰው ፍየሎቹን እያስጨረሰ ነው። ዛሬ ለደስታ መሰል በሽታ አንድ ጊዜ ተወግቶ ለዓመታት የሚከላከል ክትባት አለ። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በሽታውን እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት ዕቅድ ይዘዋል። ይህ ሁሉ ሊታሰብ የቻለው የበሽታው ትክክለኛ ስም ስለታወቀ ነው።

የከብት ደስታ ራሱ ምን አድርጎን እንደነበር ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። በሽታው በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጣልያኖች ወደ ምጽዋ ባስገቧቸው ከብቶች ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት ከመቶ ዘጠና የሚሆነውን ፈጀ። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ እኛ «ክፉ ቀን» የምንለው፣ ከ1888 እስከ 1892 (እ.ኤ.አ.) የዘለቀው ረሃብ ተከተለ። ሱዳኖች «ሰነት ሲታ» እያሉ የሚያስታውሱት ረሃብም የዚያው ዘመን ነው። በመተማ ወዲህና ወዲያ የነበሩ ሰዎች በጦርነት ቢጠማመዱም መከራቸው አንድ ነበር። ያ በሽታ ዛሬ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 በአፋር ሲሆን ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። እንዴት ጠፋ? ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ፤ በአፋር ምድር አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሠልጥነው ከብቶቻቸውን ከተቡ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ከብት ሲታመም እረኛው ሮጦ ተናገረ። ዲግሪ የሌለው እረኛ ያደረገውን እኛ ማድረግ አያቅተንም።

ወደ ዶሮዎቻችን ልመለስ። ለፈንግል መድኃኒት ባይኖርም ክትባት አለ። በቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ብሔራዊ ተቋም ከተመሠረተበት ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሲሠራ የቆየ ነው፤ ላሶታና ኤችቢ1 የሚባሉት በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣሉ። አይ-2 የሚባለው ደግሞ ለገጠር እንዲመች ሙቀትን በተሻለ እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የማናስከትበው? አንዱ ምክንያት ክትባቱ የሚመጣው ለ50፣ ለ100 ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ ዶሮዎች በተዘጋጀ ጠርሙስ መሆኑ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ አይቀመጥም። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ጠርሙሱን ብቻዋን ብትገዛው አብዛኛው ይደፋል፤ ስለዚህ አትገዛውም። ሃያ ቤት አንድ ላይ ቢሆን ግን ለያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። አንድ ቤት ብቻ ቢከተብ ደግሞ በሽታው በሰፈሩ መዞሩን አይተውም።

እንግዲህ ሁሉም መንገድ ወደ መናገር ያመጣናል። ጎረቤት ስንት ዶሮ እንዳለው፣ የማን ዶሮ እንደታመመ ካልተነጋገርን ጠርሙሱን መካፈል አንችልም።

የዝምታው ዋጋ በዶሮ ብቻ አይቆምም። በድንገት የሞተ በግ ወይም ላም ከአፍና ከአፍንጫው የማይረጋ ደም ከፈሰሰው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን እንስሳ አርዶ መብላት ቀርቶ ቆዳውን መግፈፍም ሰው ይገድላል፤ የበሽታው ዘርም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። በጎችና ፍየሎች በብዛት ሲያስወርዱ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት መጠርጠር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከከባድ ዝናብ በኋላ በነጭ ዓባይ፣ በጎረቤታችን በሰናርና በጀዚራ ይህ በሽታ ተነሥቶ 738 ሰዎች መታመማቸውና 230 መሞታቸው በዓለም ጤና ድርጅት ተመዝግቧል። ወደ ሰው የሚመጣው የታመመ እንስሳ ደምና የወረደ ግልገል በመንካት፣ በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳትና ባልፈላ ወተት ነው። የወረደውን ግልገል ለውሻ የሚጥል ወይም ልጁን «ወስደህ ጣለው» ብሎ የሚልክ አባት ካለ፣ ያ ልጅ በማግስቱ ክፍላችን ውስጥ ይቀመጣል።

«መናገር ያከስራል» የሚሉኝ ወላጆች አሉ፤ ልክ ናቸው። የአንዲት እናት ዶሮ ታመመ ከተባለ እንቁላሏን የሚገዛት ይጠፋል። ሌላው «ወረቀቴ ሳይሟላ ቢሮ ለቢሮ ልዞር?» ይላል። ሦስተኛው «በይጠሪ ከጠራሁ ያልታመሙትንም ይገድሉብኛል» ብሎ ይፈራል። እነዚህን ፍርሃቶች አልንቃቸውም። በስደትና በእንግድነት የሚኖር ሰው አንገቱን ደፍቶ ማለፍን ይለምዳል። ነገር ግን ዝም ያለው ሰው ከኪሳራ አላመለጠም፤ ዶሮዎቹ እንደሆኑ አልቀዋል። ዝምታው ያተረፈለት የጎረቤቱንም ኪሳራ ብቻ ነው። የታመመችውን ዶሮ በርካሽ የገዛቻት ማን እንደሆነች እናስብ። ገንዘብ ያለው ሰው ክንፏን የጣለች ዶሮ አይገዛም። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ልጆቿ ወጥ እንዲሸታቸው ብላ ርካሽ የፈለገች፣ ከእኛም የባሰባት እናት ናት። የታመመ እንስሳ እያወቁ መሸጥን «ብልጠት» ማለታችንን ትተን ነውር ልንለው ይገባል።

ፍርሃቱን ለማቅለል ትምህርት ቤታችን ሊሠራ የሚችለው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ለወላጅ ኮሚቴውና ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በሳይንስ መምህራን ኃላፊነት አንድ የእንስሳት ጤና መዝገብ ይከፈት። የሚጻፈው ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ የእንስሳው ዓይነት፣ የታመሙትና የሞቱት ቁጥር፣ የታየው ምልክትና በቅርቡ ከገበያ የገባ አዲስ እንስሳ መኖር አለመኖሩ ነው። የባለቤቱ ስም አይጻፍም። መዝገቡ የሰፈርን ጤና እንጂ የሰውን ገመና አይይዝም።

ሁለተኛ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሰፈር ሁለት ቤት ተመሳሳይ ምልክት ካስመዘገቡ፣ ወይም እንስሳት በድንገት ከሞቱ፣ ወደ እንስሳት ሕክምና ቢሮ የሚሄደው ትምህርት ቤቱ ይሁን። አንዲት እናት ብቻዋን ከምትቆም ትምህርት ቤት በማኅተሙ ቢጠይቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ክትባት በኅብረት ይገዛ። በኢትዮጵያ ገጠር ፈንግል በብዛት የሚነሣው ዝናብ ሊገባ ሲልና ሲገባ ነው። እዚህም ዝናቡ በሰኔ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ዙር ከዚያ በፊት ይደረግ፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ባለሙያው ይንገረን። በሚያዝያ ሙቀት ክትባቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ገበያ መዞር ገንዘብ መጣል ነው፤ በረዶ ባለበት ዕቃ ይጓጓዝ። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ክሎሪን የገባበት ውኃ ክትባቱን ይገድለዋልና ውኃው ከየት እንደተቀዳ ይጠየቅ።

ተማሪዎቼ፣ የእናንተ ድርሻ ማየትና መናገር ነው። የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ አትንኩ፣ ሆዱን ከፍታችሁ አትዩ፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ምልክቱን ግን በደንብ ተመልከቱ። «ዶሮዋ ታመመች» ከማለት «ከትናንት ጀምሮ አትበላም፣ ኩሷ አረንጓዴ ነው፣ አንገቷ ወደ ኋላ ዞሯል» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። በክፍል የምትማሩት ምልከታና መረጃ አያያዝ ማለት ይኸው ነው። ዶሮ ከመገባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ውሻ ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ተቆጡኝ አልተቆጡኝ ሳትሉ ወዲያው ተናገሩ። ቁስሉ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ አያድንም፤ የሚያድነው ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ነው።

ወላጆች ደግሞ ዛሬውኑ ያለ ምንም ስብሰባ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ከገበያ የገዛችሁትን ዶሮ ወይም ፍየል ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት ቢያንስ ለ14 ቀን ለብቻው አቆዩ። መመገቢያና መጠጫውን ለዩ፤ መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ አዲሱን ወይም የታመመውን መግቡ። የሞተውን ዶሮ በኾር አቡ ፋርጋ ወይም በመንገድ ዳር አትጣሉ፤ ውሻና አሞራ ይበትነዋል፣ ጎርፉም ለታችኛው ሰፈር ያደርሰዋል። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ኖራ ካለ ከላይ ነስንሱበት። ወተት አፍሉ። ምን እንደያዘው ያልታወቀን እንስሳ መድኃኒት አትስጡ። በድንገት የሞተን ከብት፣ በግ ወይም ፍየል ግን ራሳችሁ አትንኩት፣ አትክፈቱት፤ ልጆችንና ውሾችን ከአጠገቡ አርቃችሁ ለባለሙያ ንገሩ።

ይህን ሁሉ ብናደርግ ዶሮ አይሞትም አልልም። ይሞታል። ነገር ግን በአንድ ቤት ሁለት ሞተው ሰፈሩ ይተርፋል፤ ዛሬ የምናየው ግን ሰፈሩ አልቆ አንዳችን የአንዳችንን በር ስንጠረጥር ነው። ውሻ የሚጮኸው ጅብ ከሄደ በኋላ ከሆነ ጥቅም የለውም።

ኮሚቴው ሐሳቡን ከተቀበለው መዝገቡ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የመጀመሪያ ሳምንት በመምህራን ክፍል ይቀመጣል። የመጀመሪያውን መስመር የሚያስጽፈው ቤተሰብ ምንም እንዳያፍር ከአሁኑ እለምናለሁ። ያ ቤተሰብ ለሰፈሩ ሁሉ ውለታ ይውላል።